ስለ ናፍጣ መኪና ሕመምና ስለ አመረማመሩ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



ሰው ሲታመም ሕመሙን በአፉ ይናገራል። ከብት ሲታመም ግን አፍ ስለሌለው ባለቤቱ ዐይኑንና አረማመዱን አይቶ ይረዳለታል። የቀድሞ ዘመን መኪናም እንደ ከብት ነበረ፤ የሚያውቀው ሰው ድምፁን አዳምጦ፥ ጢሱን አይቶ፥ ዘይቱን በጣቱ ፈትጎ ሕመሙን ያገኘው ነበር። የዛሬ መኪና ግን የሚናገርበት አፍ ተሠርቶለታል፤ ይኸውም ሴንሰር የሚባለው ጠቋሚ መሣሪያና መልእክቱን የሚቀበለው ኮምፒዩተር ነው። ነገር ግን ንግግሩን በከፊል ብቻ የሰማ ሰው፥ ጨርሶ ካልሰማው ሰው የበለጠ ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤተ ሰባችን የደረሰ ነገር ነው። አባቴ ከድሬዳዋ ዱቄትና ሳሙና ጭነው በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ ሐረር ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ከሐረማያ አካባቢ ድንችና ሽንኩርት ይዘው ይወርዳሉ። ለዚህ ሥራ ያላቸው አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፥ ባለ ሁለት ጋቢና አንዲት የናፍጣ ፒክ አፕ ብቻ ናት። የቤታችን ቀለብ፥ የእኔና የእኅቶቼም ደብተርና ዩኒፎርም ከርስዋ የሚወጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ይህች መኪና ደንገጎን አልወጣም አለች። ጥቁር ጢስ ትተፋለች፤ ጉልበት የላትም፤ በመሪው ፊት ካሉት መብራቶችም የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ።

አባቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። የጋራዡ ሠራተኛ የኮምፒዩተር መመርመሪያ ሰክቶ ፒ0106 የሚል ቁጥር አገኘና፥ «ጋሼ፥ የግፊት ሴንሰሩ ሞቷል» አላቸው። አዲስ ተገዛ። መብራቱም ጠፋ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ግን ተመልሶ በራ። በሁለተኛው ጊዜ የተገኘው ቁጥር ፒ0101 ነበረ። «አሁን ደግሞ የአየር መለኪያው ነው» ተባለ። እርሱም ተገዛ። መኪናዋ ግን ያው እንደነበረች ናት። ለሁለቱ ዕቃ የወጣው ገንዘብ የቤታችንን የሁለት ወር ወጪ የሚያህል ነበረ። አንድ ቀን ማታም አባቴ ለእናቴ፥ «ሸጬያት ብገላገል ይሻላል» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ግን፥ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዳው ስለ ናፍጣ ሞተር ጥቂት ላስረዳ።

የናፍጣ ሞተር አተነፋፈስ

የናፍጣን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ ሞተሩ በመልካም ሁኔታ ሠርቶ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ነው። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ከ16 እስከ 18 እጥፍ ያህል አጥብቦ ሲጨምቀው፥ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚህ በጋለ አየር ውስጥ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ጉልበት ከሁሉ አስቀድሞ በቂ አየር ማግኘት ነው። አየር ካነሰ ናፍጣው በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለውም ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል።

የአየሩ መንገድ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በማጣሪያው፥ ማለት በፊልትሮው ይገባል። ቀጥሎም ቱርቦ የሚባለው፥ በጢሱ ኃይል የሚሽከረከር ማራገቢያ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ በማቀዝቀዣው አልፎ ማኒፎልድ ወደሚባለው አከፋፋይ ቱቦ ይደርሳል። ማኒፎልዱ አንድ አፍና ብዙ ጣቶች እንዳሉት እጅ ነው፤ አየሩን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ያድላል።

እዚህ ላይ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን እናስታውስ። በባሕር ጠለል ላይ፥ ለምሳሌ በጂቡቲ፥ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በድሬዳዋ 88፥ በሐረር 81፥ በአዲስ አበባ ደግሞ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። ከፍ ባልን መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በቆላ ሳይታወቅ የሚኖር የአየር እጥረት በዳገት ላይ ይገለጣል። መኪናችን በከተማ ውስጥ ደኅና መስላ በደንገጎ ላይ የምትሸነፈውም ስለዚህ ነበረ።

ማኒፎልዱን የሚዘጋው ምንድን ነው?

የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶ ናይትሮጅን፥ 21 ከመቶ ኦክሲጅን ነው። ናይትሮጅን በተፈጥሮው ከሌላ ጋራ በቀላሉ የማይዋሐድ ጋዝ ነው፤ በሞተር ውስጥ ባለው ታላቅ ሙቀት ግን ከኦክሲጅን ጋራ ይዋሐድና ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይሆናል። ይህን ለመቀነስ መሐንዲሶች ከጢሱ ጥቂቱን መልሰው ወደ አየር መግቢያው የሚልክ መዝጊያ ሠሩ። መካኒኮች ኢጂአር ይሉታል። የተመለሰው ጢስ የቃጠሎውን ሙቀት ስለሚቀንስ መርዙ ያንሳል። ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን ጢሱ ጥላሸት ይዞ ይመጣል። ከሞተሩ ሆድም የዘይት ተን በሌላ ቱቦ ወደዚያው ይገባል። ዘይቱ ግድግዳውን ያረጥባል፥ ጥላሸቱም በርጥበቱ ላይ ይለጠፋል። በየወጥ ቤታችን ጣራ ላይ ጢስና የቅባት ተን ተባብረው የሚሠሩትን ጥቀርሻ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በማኒፎልዱ ውስጥ ይህ ጥቀርሻ ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ፥ የአየሩን መንገድ እያጠበበ ይሄዳል። ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አይታይም።

ሴንሰር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

በመኪና ውስጥ ካሉት ብዙ ሴንሰሮች ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሦስት ናቸው። አንደኛው የግፊት ሴንሰር ነው፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ይለካል። ሁለተኛው የአየር መለኪያ ነው፤ በውስጡ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ነገር አለ፥ የሚያልፈው አየር ባቀዘቀዘው መጠን በየሰኮንዱ ስንት ግራም አየር እንደገባ ይታወቃል። ሦስተኛው የሙቀት ሴንሰር ነው፤ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። በብዙ መኪኖች ላይ በ20 ዲግሪ 2500 ኦም ያህል የሆነው፥ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ይወርዳል።

ኮምፒዩተሩ የእነዚህን ቃል ሰምቶ ከሚጠብቀው ጋራ ያስተያያል። ካልተስማማለት ቁጥር መዝግቦ ቢጫውን መብራት ያበራል። ፒ0106 ማለት «የማኒፎልዱ ግፊት ከሚጠበቀው ጋራ አልተስማማም» ማለት ነው እንጂ፥ «ሴንሰሩ ሞቷል» ማለት አይደለም። ፒ0101ም እንዲሁ ስለ አየሩ መጠን ይናገራል። እንግዲህ ሴንሰሩ ምስክር ነው። «አየር አነሰ» ብሎ እውነቱን የመሰከረውን አባርረን ሌላ ምስክር ብናመጣ፥ አዲሱም የሚመሰክረው ያንኑ ነው። አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ለዚህ ይስማማል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

አባቴ መኪናዋን ለመሸጥ ባሰቡ ሰሞን፥ የፊዚክስ መምህራችን ስለ አየር ግፊት አስተምረውን ነበርና፥ «ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት ሴንሰሩ ስንት ያነብባል?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ወደ አጎቴ ሄጄ ነገርኋቸው። አጎቴ ቀድሞ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያገለገሉ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። እንደሚታወቀው ባቡር ከጂቡቲ ድሬዳዋ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ነውና፥ በከተማችን የመካኒክነት ሙያ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። አጎቴ፥ «ልጄ፥ እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም፤ ሞተር ግን አውቃለሁ። አንተ ቁጥሩን አንብብልኝ፥ እኔ ብረቱን ልይ» አሉኝ። በስልክ የሚያነብ አነስተኛ መመርመሪያም ከጎረቤት ተዋስን። ሥራችንንም በሚከተለው ተራ ፈጸምን።

1ኛ፤ ጢሱን ማየት። ጥቁር ጢስ የአየር ማነስ ወይም የናፍጣ መብዛት ምልክት ነው። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ነጭ ጢስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ፥ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጥቁር ነበረ።

2ኛ፤ ዋጋ ከማያስወጣው መጀመር። ፊልትሮውን አውጥተን በፀሐይ ብርሃን አየነው፤ አቧራ ቢኖርበትም የታፈነ አልነበረም። ከቱርቦ እስከ ማኒፎልድ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች በእጃችን ዳሰስን። የተሰነጠቀ ቱቦ ሞተሩ ሲጫን ያፏጫል፥ በዙሪያውም የዘይት እድፍ ይታያል። የእኛ ደኅና ነበሩ።

3ኛ፤ ሽቦውን መመርመር። መሰኪያውን ከመንቀል በፊት የሞተሩን ቁልፍ መዝጋት ይገባል። ከነቀልን በኋላ ቁልፉን ከፍተን በቮልት መለኪያ ስናይ፥ ወደ ግፊት ሴንሰሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ 5 ቮልት ሆኖ ተገኘ፤ ትክክልም ነው። ብዙ ጊዜ ሞተ የሚባለው ሴንሰር፥ ሽቦው በአይጥ የተበላ ወይም መሰኪያው የዛገ ሆኖ ይገኛል።

4ኛ፤ ሴንሰሩን ከተፈጥሮ ጋራ ማስተያየት። ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፈትን። ያን ጊዜ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት የአገሩ አየር ግፊት መሆን አለበት። ስልኩ 88 ኪሎ ፓስካል አለ። ለድሬዳዋ የሚገባው ይኸው ነው! ወዲያው የተጣለውን አሮጌ ሴንሰር ከካርቶን አውጥተን ሰካነው። እርሱም 88 አለ። እኔ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ደስታና ሐዘን እኩል ነበረ፤ ትምህርቱ እውነት በመሆኑ ደስ ሲለኝ፥ ያለ ምክንያት የወጣው የአባቴ ገንዘብ አሳዘነኝ።

የሙቀት ሴንሰሮችንም በዚህ ዓይነት መፈተን ይቻላል። ሌሊቱን የቆመ መኪና ማለዳ ሳይነሣ የውሃው፥ የአየሩና የናፍጣው ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። በድሬዳዋ ማለዳ አንዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቢል፥ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሴንሰሩ በእውነት ሞቷል። ሴንሰር ፈጽሞ አይበላሽም ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ፤ ሳይፈተን አይፈረድበት ማለቴ ነው።

5ኛ፤ ቶሎ መልስ መስጠቱን ማየት። በእኛ መኪና የግፊት ሴንሰሩ በቀጭን ጎማ ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋራ ይገናኛል። ያን ቱቦ ከሴንሰሩ አውልቀን፥ በምትኩ ንጹሕ ቱቦ ሰክቼ በአፌ ቀስ ብዬ ሳብሁ። ቁጥሩ ወዲያው ወረደ፤ ስተወው ወዲያው ተመለሰ። ሴንሰሩ ሕያው ነው። የቀድሞውን ቱቦ መልሰን፥ ሞተሩን አስነሥተን ነዳጅ ስንሰጠው ግን ቁጥሩ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግይቶ መለሰ። እንግዲህ ችግሩ ያለው በሴንሰሩና በማኒፎልዱ መካከል ወይም ከዚያ ወዲያ ነው ማለት ነው።

6ኛ፤ አየሩን በሒሳብ መፈተን። ሞተራችን 2.5 ሊትር ነው። በአራት ምት የሚሠራ ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሆዱን በአየር ይሞላል። በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር 400 ጊዜ ይሞላል፤ 400 በ2.5 ሲባዛ በደቂቃ 1000 ሊትር፥ በሰኮንድ ወደ 17 ሊትር ይሆናል። በድሬዳዋ ሙቀትና ግፊት አንድ ሊትር አየር 1 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ በሰኮንድ 17 ግራም ያህል መግባት ነበረበት። ሲሊንደሩ ምን ጊዜም ሙሉ ለሙሉ ስለማይሞላ ጥቂት ቢያንስ አያስደንቅም። ነገር ግን ኢጂአሩ እንዲዘጋ ታዝዞ እንኳ አዲሱ የአየር መለኪያ 9 ግራም ብቻ አለ። አሮጌውን ብንሰካው እርሱም 9 አለ። አጎቴ ሣቁና፥ «ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ከተናገሩ፥ ዳኛው ምን ቀረው?» አሉ።

7ኛ፤ መክፈት። ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ብቻ ብሎኖቹን ፈታን። ሦስት ጣት ያስገባ የነበረው የማኒፎልዱ አፍ አንድ ጣቴን ብቻ አስገባ። ቀጭኑ ቱቦ የሚገጠምበትም ቀዳዳ የመርፌ ዐይን አህሎ ነበር። በኢጂአሩ መዝጊያ ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያህል የደረቀ ጥቀርሻ ተሰክቶ፥ መዝጊያው እንዳይገጥም ከልክሎታል። ስለዚህ ጢሱ ያለ ማቋረጥ ይመለስ ነበር፤ የንጹሑን አየር ቦታ የያዘውም እርሱ ነበረ።

አጸዳዱና ጥንቃቄው

ማኒፎልዱን ከሞተሩ ላይ ሳያወርዱ መፋቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተፋቀው ወደ ሲሊንደር ይወድቃልና። እኛ አውርደን፥ የሞተሩን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ደፍነን፥ ማኒፎልዱን በናፍጣ ዘፍዝፈን አሳደርነው። በማግሥቱ በእንጨት ፍቀን፥ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበን፥ በፀሐይ አደረቅነው። እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ትምህርት ያድናል፤ ኮስቲክ ሶዳ ጥቀርሻን ቢያነሣም አሉሚኒየምን ራሱን ስለሚበላ ለእንዲህ ያለው ማኒፎልድ አይሆንም። ጋስኬቱን በአዲስ ለውጠን፥ ጨርቁን ሁሉ ቆጥረን አውጥተን፥ ብሎኖቹን ከመካከል ወደ ዳር በእኩል ኃይል አጠበቅናቸው።

ጓደኞቼ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ብቻችሁን እንዳትሞክሩት አደራ እላለሁ። በተለይ የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች አትርሱ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሣም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳያሳውቅ ይገድላል። በዛሬ የናፍጣ ሞተር የነዳጁ ግፊት ከ1000 ባር በላይ ስለሚደርስ፥ ሞተሩ ሲሠራ የነዳጁ ቧንቧ አይፈታም፥ በእጅም አይዳሰስም፤ ከቀዳዳ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ተቀጣጣይ ማጽጃ ወደ አየር መግቢያው በዘፈቀደ አይረጭ፤ ሞተሩ ማጽጃውን እንደ ነዳጅ ቈጥሮ ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል። ጥላሸት ሲፋቅ አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። የታጠበበትም ናፍጣ በዕቃ ይጠራቀማል እንጂ ወደ ደቻቱ አይደፋም።

አንዳንድ ሰዎች ኢጂአሩን በቆርቆሮ መድፈን መፍትሔ ይመስላቸዋል። ሌሎችም የሚያስጨንቃቸውን ቢጫ መብራት ነቅለው ይጥሉታል። የመጀመሪያው ለሳንባችን የማይበጀውን ጋዝ ወደ ከተማችን አየር ይመልሳል። ለሁለተኛው ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ይበቃዋል።

ማጠቃለያ

ሥራው በሁለት ቀን ተፈጸመ። ሞተሩ በተነሣ ጊዜ የአየር መለኪያው 14 ግራም አለ። በሦስተኛው ቀን አባቴ፥ አጎቴና እኔ ጭነት ይዘን ወደ ሐረር ወጣን። በደንገጎ ዳገት ላይ አባቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ ደጋግመው ይመለከቱ ነበር፤ ጥቁሩ ጢስ የለም። ሐረር ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን ብቻ ከፈትሁ፤ ስልኩ 81 ኪሎ ፓስካል አለ። ለአባቴ ምክንያቱን ባስረዳኋቸው ጊዜ፥ «ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ነው የተማርኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ግፊቱን ከመምህራችን፥ ብረቱን ከአጎቴ» አልኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መሸጥ አልተነሣም። ያወጣነው ገንዘብ የአንድ ጋስኬትና የጥቂት ሳሙና ዋጋ ብቻ ነበረ።

የጋራዡን ሠራተኛ ለመንቀፍ ይህን አልጻፍሁም። ብዙ መኪና ተሰልፎበት፥ ባለቤቱም «ቶሎ በል» እያለ የሚያስቸኩለው ሰው፥ በስልክና በኮምፒዩተር የተጻፈውን ቁጥር እንደ ፍርድ ቢቀበል ብዙ አያስደንቅም። ወላጆቻችን ግን ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት፥ «ሴንሰሩ መሞቱን በምን ዐወቅህ?» ብለው በትሕትና ቢጠይቁ መልካም ነው። ቅን ባለሙያ ይህን ጥያቄ አይጠላውም።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ትምህርቱ ከዚህ ይሰፋል። በክፍል ውስጥ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» እያልን የምናጕረመርምበት የግፊት፥ የኦምና የማባዛት ትምህርት፥ አንድ ቀን የቤታችንን እንጀራ ሊያድን ይችላል። ማሽን ቁጥር ሲነግረን ቁጥሩን በተፈጥሮ ሕግ እንመርምረው፤ ከቀላሉም ወደ ከባዱ በተራ እንሂድ።

በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ መምህራንና ዐዋቂዎች እንዲያርሙኝ በአክብሮት እለምናለሁ።